ነጋሪት የማያስጎስም ጠላት

 

ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋው ዘመቻ ክተት ሲያውጁ፣ የሸዋ ሰው እንዲከት የታዘዘው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ወሎ ውስጥ፣ ወረኢሉ ነበር። ነጋሪት ተጎሰመ፣ ሰው ሰማ፣ ስንቁን ቋጥሮ ተነሣ። ዛሬ የምነግራችሁ ጠላት ግን ነጋሪት አያስጎስምም። የደም ግፊት ነው። «ራሴን ካላመመኝ፣ ካላዞረኝ፣ ምን ብዬ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ?» የምትሉኝ እናቶችና አባቶች ብዙ ናችሁ። አብዛኛው ግፊት ያለበት ሰው ምንም አይሰማውም። ያርሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል።

ልብ በመታች ቁጥር ደም ትገፋለች። ስትለኩ የሚነገራችሁ የላይኛው ቁጥር ልብ ስትገፋ ያለው ኃይል ነው፤ የታችኛው ስታርፍ ያለው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ግፊት አለ እንላለን። ያ ኃይል ዓመት ከዓመት የደም ሥሩን ግድግዳ ያደድረዋል። ልብ ቀንበር እንደከበደው በሬ ትለፋለች፣ ኩላሊት ይደክማል፣ የአንጎል ደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። አፉ የተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ የከዳው፣ ድንገት ምላሱ የተሳሰረ ሰው ካያችሁ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ 100 ሰዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ያው ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ጨው እንደሚበላ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ነገር ያለው እዚህ ነውና። ወሎ ውስጥ ቡና በጨው ይጠጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ማታም እንደገና። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይነሰነሳል። ጨው ውሃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዛ ማለት ግፊቱ ጨመረ ማለት ነው።

ቤታችሁን የምትመዝኑበት ቀላል መንገድ ልንገራችሁ። አምስት ዐዋቂ ያለበት ቤት፣ ለእያንዳንዱ 5 ግራም ብንል፣ በቀን 25 ግራም ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን መቆየት አለበት። ለከብት የምትሰጡትን ለይታችሁ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባውን ቆጥራችሁ፣ የገዛችሁበትን ቀን ያዙ። በ20 ቀን ካለቀ እጥፍ በልታችኋል። መጀመሪያ የቡናውን ጨው ተዉት፤ ከዚያ የወጡን በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ። ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። አዮዲን ያለውን ጨው ግን በሌላ አትለውጡ፤ ለደጋ ሰው የእንቅርት መከላከያው እሱ ነው። የሚቀነሰው መጠኑ ነው።

ገበሬው ዳገት ቁልቁለቱን ስለሚሄድ እግሩ አይቦዝንም። የምሰጋው ከተማ ውስጥ ሱቅ ተቀምጦ በባጃጅ ለሚመለሰው ነው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልገዋል። አረቄ ማብዛትም ግፊት ይጨምራል፤ ሲጋራ ደግሞ የደም ሥርን ይጎዳል።

«ግፊቴ የሚነሣው ሰው ሲያናድደኝ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ንዴት ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ስትረጋጉ በሽታው ሄደ ማለት አይደለም። በጣም የሚያሳዝነኝ ኪኒን ጀምሮ «ተሻለኝ» ብሎ የሚያቆም ሰው ነው። ቁጥሩ የወረደው በኪኒኑ ነው፤ ስታቆሙት ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት ብሉ፣ ጸበሉን ጠጡ፣ ዱዓውን አድርጉ፣ ኪኒኑንም ዋጡ። ረመዳን የምትጾሙ፣ ወሩ ሳይገባ ባለሙያችሁን አማክሩ፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ስሑር ሊዛወር ይችላል። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ክትትል በሄዳችሁ ቁጥር ተለኩ፤ በእርግዝና ላይ የሚመጣ ግፊት ለእናቲቱም ለልጁም አደገኛ ነው።

ስትለኩ ዳገት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ አይሁን፤ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይቅር። ሽንታችሁ ከመጣ ቀድማችሁ ሽኑ። ብርዱ አስቸግሮን ከሹራብ በላይ እንለካለን፤ ቁጥሩን ያሳስታል፣ ክንዳችሁን ግለጡት። ጀርባችሁን ደገፍ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አድርጉ፣ ሲለካ አታውሩ። ሁለቱን ቁጥር ከነቀኑ በወረቀት አስጽፋችሁ ያዙ፤ በሚቀጥለው ወር የሚያያችሁ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።