የጋፋት መድፍና የቀጥቃጩ እጅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተነገረ)



በጦርነት ዘመን ስለ ተሠራ የብረት ሥራ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቆሼ ተቀምጣችሁ ስለ ማረቆ በርበሬ ብትናገሩ አይሻልም?» ብለው ሣቁብን። ነገሩ እውነት አለው። የእንግሊዝ አገር የሸፊልድ ሰዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማቸው ባፈራችው ብረት ይኮራሉ፤ ቆሼ ግን የምትታወቀው በበርበሬዋ ነው። ስለዚህ ከሠፈራችን ወጥተን በአገራችን ብንፈልግ ጋፋትን አገኘን።

ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሚስዮናውያን፣ እነ ዋልድማየርንና እነ ዛልሙለርን፣ በዚያ አሰፈሯቸው። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለመስበክ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ የሚፈልጉት መድፍ ነበር። መድፍ ሠርተን አናውቅም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። ስለዚህ ምድጃ ሠሩ፣ ሞከሩ፣ ሲበላሽባቸውም እንደ ገና ሞከሩ። የአገራችን ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ ከእነርሱ ጋራ ተመደቡ።

ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ብዙ ወራት ተከብባ ከነበረችው የጥቁር ባሕር ወደብ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ይሆናል። ብዙዎቻችን ብረት ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን ነሐስ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መንገድ ስላልነበረ በየገደሉ መንገድ እየተቈረጠ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ እየወረደና እየወጣ፣ በሰው ጉልበት ተጐተተ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጐተቱት ሰዎች ሁሉ ወድደው አልነበረም፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። የእንግሊዝ ጦር በደረሰ ጊዜ መድፉ አላዳናቸውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እንግዲህ የመድፉን ስም ሁላችን እናውቃለን። የንጉሡንም እናውቃለን፤ የአውሮፓውያኑም በመጽሐፍ አለ። ከሰል ያከሰለውን፣ ወናፍ የነፋውን፣ ገመድ የሳበውን ያገራችንን ሰው ግን ማን በስሙ ይጠራል?

እንዲያውም በስም ፈንታ ስድብ ነው የሰጠነው። በአገራችን በብዙ ቦታ፣ በጉራጌም ጭምር፣ ቀጥቃጭ መሬት እንዳይዝ፣ ከሌላው ጋራ እንዳይጋባ ተከልክሎ ኖሯል። ገበሬው ማረሻውን ከእርሱ ይቀበላል፣ ዘማቹ ጦሩን ያሠራል፤ ማታ ግን ቡዳ ነው ይለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን አልጠፋም።

ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በክፍላችን አባቱ ቀጥቃጭ የሆነ ጓደኛ አለን። እኛ፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው፣ ባለፈው ዓመት በኳስ ጨዋታ ተናድደን በአባቱ ሙያ ሰደብነው። ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። ስለ ጋፋት ማንበብ በጀመርን ጊዜ ከሁላችን በፊት ያፈርነው ስለዚህ ነው። ወናፍ እንዴት እንደሚሠራ ከመጽሐፍ ልንረዳ ስላልቻልን፣ እያፈርን እርሱኑ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ቅዳሜ ኑ» አለን።

ሄድን። እርሱ ሁለቱን የቆዳ ወናፎች በየተራ ሲጫን ነፋሱ ሳይቋረጥ ከሰሉን ያነደዋል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይተነፍሳል። አባቱ ቀዩን ብረት በጉጠት ይዘው ይቀጠቅጡ ነበር። ለምን እንደ መጣን ያወቁ አይመስለንም፤ «ልጆቼ፣ ፍንጣሪው እንዳያገኛችሁ ፈቀቅ በሉ» ብቻ አሉን። እኛም ወናፉን ሞክረን ክንዳችን ቶሎ ዛለ።

የትምህርት ቤታችንን አትክልት የምንኰተኵትባቸውን ዶማዎች የሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን የሰማነው ያን ቀን ነው። ዛሬ ከወላጆቻችን መካከል ተቀምጠዋል። ይህንንም ንግግር ከእኛ ጋራ የጻፈው ልጃቸው ነው።