ብስክሌተኛው የት ያድራል?

በብስክሌት አገር የሚያቋርጥ መንገደኛ ሲመሽበት የት ያድራል? እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው «ዋርም ሻወርስ» መንገደኛውን ከሌላ ብስክሌተኛ ቤት ያገናኘዋል፤ ገላውን ይታጠባል፣ ያድራል፣ አስተናጋጁም የአልጋ ሒሳብ አይጠይቅም።

ማረፊያው ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ከተማ፣ የምህንድስና ተማሪዎች ቤት ከሆነማ ነገሩ ይለያል። የዴልፍት ተማሪዎች ከአምስተርዳም ተማሪዎች ጋር የሠሩት ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ2013 በሰዓት 133.78 ኪሎ ሜትር ከንፏል፤ ያውም በእግር ጉልበት ብቻ!

እንግዳው ብልሽት ይዞ ይመጣ ይሆናል፤ ሻንጣ የከበደው ብስክሌት ብዙ ጊዜ የሚበጠስበት የኋላ ቸርኬው ሽቦ ነው። በሰንሰለቱ በኩል ያሉት ሽቦዎች ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው። እነሱን ለመቀየር ሰንሰለቱ የሚያርፍበትን ጥርሳም ክብ መፍታት ግድ ይላል፤ መፍቻው ደግሞ ከመንገደኛ ሻንጣ እምብዛም አይገኝም። እንደ ዴልፍቶቹ ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች ቤት ግን እራት ሳይቀርብ ብስክሌቱ ቢገለበጥ አይገርመኝም። እንግዳው ምንም ቢደክመው፣ ስለ ብስክሌቱ ከሚያነሱት ጥያቄ አያመልጥም።