የባና ክብደት፦ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍና ከአቅም በላይ ስለማይሆን ከባድ ብርድ ልብስ

(በሕዝባዊ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ፤ ለድረ ገጽ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። አዎ፣ ባና ነው። ከጎኑ ያለው ደግሞ የገበያ ሚዛን ነው። ሁለቱን ለምን እንዳመጣኋቸው ለማስረዳት ከአንዲት ተማሪ ልጀምር። ስሟንና የትምህርት ክፍሏን አልጠቅስም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች።

ተማሪዋ የጃናሞራ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ዓመት ፈተና ሲቃረብ ቢሮዬ መጣች። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ጋደም ስትል ልቧ ይመታል፣ እጇን ያልባታል፤ ጎሕ ሲቀድ ያሸልባትና የጠዋቱ ትምህርት ያመልጣታል። ስልኳን አውጥታ አንድ ሥዕል አሳየችኝ፤ ውስጡ ጥቃቅን የመስታወት ፍሬ የተሰፋበት፣ ለጭንቀት ይረዳል ተብሎ የሚሸጥ ከባድ ብርድ ልብስ። «መምህር፣ እውነት ይሠራል? እህቴ ከቤይሩት ልትልክልኝ ነው» አለችኝ። እህቷ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። የብርድ ልብሱ ዋጋና የመላኪያው ሒሳብ ሲደመር የእህቷን የወር ደመወዝ አብዛኛውን ይበላል።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ያን ዕለት የመለስሁላት በጣም አጭር ነበር። ይህን ነገር እኔም አውቀዋለሁ ለማለት አፍሬ ነበርና ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሌሊት ባንኜ ጣራ ሳይ ያነጋሁባቸው ወራት ብዙ ናቸው። ሥነ ልቦና እያስተማሩ ኖረው፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው ይህን ለተማሪ መናገር ይከብዳል።

«ይከብዳል» አልሁ። በአማርኛ ጭንቀት ራሱ ክብደት ነው። «ከበደኝ»፣ «ልቤን ተጫነኝ» እንላለን፤ ሲያልፍልን ደግሞ «ቀለለኝ» እንላለን። ሌሊት ደረታችን ላይ ወጥቶ መንቀሳቀስም መጮኽም የሚከለክለንን ነገር አያቶቻችን ዱካክ ብለውታል። እንግዲህ ክብደት እንዲህ በሚፈራበት ቋንቋ ውስጥ ክብደት ያረጋጋል የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት ነገር አለ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ዱካክ ያልጠራነው፣ ገፍተንም የማንጥለው ሸክም ነው። ባናን ግን ራሳችን ስበን እንለብሰዋለን፤ ሲበቃን ገፍተን እንነሣለን። የሚያረጋጋው ክብደት ሥልጣኑ በለባሹ እጅ ያለው ነው።

ይህን ነጥብ በራሷ አካል ላይ ሞክራ ካሳዩት ሰዎች አንዷ ቴምፕል ግራንዲን ናት። አሜሪካዊት የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ናት፤ ኦቲዝም አለባት። በወጣትነቷ አሪዞና በሚገኘው የአክስቷ የከብት እርባታ፣ ለክትባት በሁለት ጎን ሳንቃ ተጠብቀው የሚያዙ ከብቶች አንዳንዶቹ ጸጥ ሲሉ ተመለከተች። በ18 ዓመቷ ለራሷ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠራች። ልብ በሉ፤ የማጥበቂያውና የማላሊያው መቆጣጠሪያ በእሷ በራሷ እጅ ነበር። ስለ መሣሪያው የጻፈችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። በእኛም ዘንድ የሚያለቅስ ሕፃን በአንቀልባ ከእናቱ ጀርባ ጋር ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ጸጥ እንደሚል ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ከባድ ብርድ ልብስ የተሠሩትን ጥናቶች ሳነብ ደስታም ጥርጣሬም ተሰምቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 32 ጐልማሶችን 13 ኪሎ ተኩል በሚመዝን ብርድ ልብስ ሥር ለጥቂት ደቂቃዎች አጋድሞ ጠየቃቸው፤ 63 በመቶው ጭንቀታቸው እንደ ቀነሰ ተናገሩ። በቆዳቸው ላይ በተደረገው ልኬት ግን መረጋጋቱ የታየው በሲሶዎቹ ላይ ብቻ ነበር። አፍ ያለውን ሁሉ አካል አልደገመውም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከስዊድን የወጣው ጥናት ይበልጥ ክብደት አለው (ቃሉ ዛሬ አለቀቀኝም)። ከድባቴ፣ ከጭንቀትና ከመሰል ሕመሞች ጋር እንቅልፍ ያጡ 120 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከፊሎቹ ለአራት ሳምንት 8 ኪሎ፣ ከከበዳቸውም 6 ኪሎ የሚመዝን የሰንሰለት ብርድ ልብስ ለበሱ፤ ከፊሎቹ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ የሆነውን። የእንቅልፍ ችግራቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ከከባዱ ወገን 59 በመቶ ሲሆኑ ከቀላሉ ወገን 5 በመቶ ያህል ነበሩ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 67 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ተከታትሎ፣ ከባዱ ብርድ ልብስ የእንቅልፍ ሰዓታቸውን እንዳልጨመረ አረጋግጧል። ደስ የሚለው፣ ልጆቹም ወላጆቹም ከባዱን መርጠዋል።

ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒት ጥናት ሲደረግ መድኃኒት የሌለው ክኒን ሰጥቶ ማነጻጸር ይቻላል። 8 ኪሎ የተጫነበትን ሰው ግን «ቀላሉን ነው የለበስኸው» ብሎ ማሳመን አይቻልም። ስለዚህ ለተማሪዋ የሚገባት መልስ፦ ብዙ ሰውን ያስታግሣል፣ አይፈውስም፤ የአንድ ቤት ሠራተኛን የወር ድካም ግን አያስወጣም።

ዋጋው የተሰቀለው በንግድ ነው። ቀድሞ በሕክምና ክፍሎች ይሠራበት የነበረው ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ኩባንያ ኪክስታርተር በተባለው ድረ ገጽ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰበሰበበት በኋላ የዓለም ገበያ ሸቀጥ ሆነ። ለእኛ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ብርድ ልብስ ለተማሪም ለመምህርም የማይታሰብ ሆነ።

ተማሪዋን ታዲያ «እቤትሽ ምን ለብሰሽ ነበር የምትተኚው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ባና ነዋ፣ መምህር። ከሁለቱ እህቶቼ ጋር።»

«የት አለ ባናው?»

ዝም አለች። ቆይታ «የበግና የጭስ ሽታ አለው፤ ዶርም ይስቁብኛል ብዬ ትቼው መጣሁ» አለችኝ።

እዚህ ላይ መፍረድ አልችልም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ እናቴ ያሸከመችኝን ባና መንገድ ላይ ለአንድ የጭነት መኪና ረዳት ሰጥቼዋለሁ። ስድስት ኪሎ ገብቼ የባላገር ልጅ እንዳልባል ነበር። የዚያን ዓመት ክረምት በስስ አንሶላና በአንድ ብርድ ልብስ አሳለፍሁት። እናቴ በመጣች ጊዜ «ባናው ደኅና ነው?» ስትለኝ «ደኅና ነው» አልኋት። እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም።

ያ ባና እንዴት እንደ ተሠራ አይቻለሁና ዋጋውን አውቀዋለሁ። የደጋ በግ ጠጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ጠባብ ጠባብ አድርጎ ይሸምነዋል፤ ጎን ለጎን ይሰፋል። ከዚያ በፍል ውኃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፤ ይህ ሲሆን ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ልብሱ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። በመንዝ ዝተት የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ይህ ባና 4 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናል። ቡሉኮዬ 3 ኪሎ ሆኗል፤ ጋቢዬ አንድ ኪሎ ተኩል። ሻጮች የሰውነትን ክብደት አንድ አሥረኛ ይመክራሉ፤ የልምድ ስሌት እንጂ የሳይንስ ሕግ አይደለም። በዚያም ስሌት ቢሆን 57 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ባናና ጋቢ ተደርበው ልኩ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባና ሰፊ ስለሆነ ግማሹ ከአልጋው ጎን ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለው ይሞቃል እንጂ አያሳርፍም። አጥፋችሁ በሰውነታችሁ ልክ ስታደርጉት ነው ክብደቱ የሚሰማችሁ።

ደባርቅና በየዳ ላይ ለሚያድር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጐንደር ከተማ ውስጥ ግን በሚያዝያ ሌሊት ባና አጥፎ መልበስ ቅጣት ነው፤ መተማ ላይማ አይነሣ። ሙቀትና ክብደት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ሞከርሁ። መጀመሪያ አቡጀዲ አሰፍቼ ጤፍ ሞላሁበት፤ ጤፍ ከስፌት ያመልጣል፣ ሦስተኛው ሌሊት ላይ አልጋዬ አውድማ መሰለ። ባለቤቴም በዚህ ኑሮ እህል ለብሶ መተኛት ነውር መሆኑን ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ልክ ነበረች። ሽምብራው ደግሞ ይንኳኳል፤ ከወር በኋላም ነቀዝ ገባበት።

የተሳካልኝ አሸዋ ነው። የወንዝ አሸዋ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ፣ አቡሬው እንዲወጣ በወንፊት መንፋት። ልብስ ሰፊው ድርብ አቡጀዲውን 6 በ10 አድርጎ 60 ኪስ ያወጣለታል፤ እያንዳንዱ ኪስ 100 ግራም ሲገባበት ጠቅላላው 6 ኪሎ ይሆናል። ኪሱ ትንሽ መሆን አለበት፤ ትልቅ ከሆነ አሸዋው ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ለእግር እንጂ ለደረት አይተርፍም። ላዩ ላይ ለብቻው የሚታጠብ ልባስ ይደረግበታል። ጨርቁም ስፌቱም ተደምሮ የወጣብኝ ከቤይሩት መላኪያው ሒሳብ ያነሰ ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያዬን በጥሞና ስሙኝ። ደገኛ ፊቱን ጭምር ተሸፋፍኖ የመተኛት ልማድ አለው፤ ክብደት ያለው ነገር ግን ከትከሻ በላይ መውጣት የለበትም። ለሕፃን ፈጽሞ አይደረግም። ራሱ አንሥቶ መጣል ለማይችል ልጅ፣ አቅመ ደካማ ወይም ሕመምተኛ አይደረግም። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ኩቤክ ኦቲዝም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በከባድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሕይወቱ አልፏል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቋረጥ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። በጐንደር ዩኒቨርሲቲ የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በመከፈቱ ደስ ይለኛል፤ የዚህ ዓይነት ልኬት የእነሱ ሙያ ነውና ባናውን ከእኔ ይልቅ እነሱ ቢመዝኑት እወዳለሁ።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታትን ካስቆጠረ፣ ምግብ ካስጠላ፣ መኖርን ካስጠላ ደግሞ ነገሩ የብርድ ልብስ አይደለም። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ፤ ክሊኒክም ሂዱ። እኔ ሄጃለሁ።

ተማሪዋ የእህቷን ገንዘብ መልሳለች። ለፋሲካ አገሯ ገብታ ስትመለስ ባናውን ይዛው መጣች፤ በእንዶድ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ የዶርም ጓደኞቿ እንዳያውቁት አበባ ባለው ጨርቅ ተለብጦ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን የምክር አገልግሎት ትሄዳለች። እንቅልፏ ከበፊቱ ይሻላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ክብደቱ ደረሰ መምህር፣ እህቶቼ ናቸው የጎደሉት» ብላኛለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሚዛኑን ከቅዳሜ ገበያ ስለተዋስሁት ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ። የራሱን ጋቢ ወይም ቡሉኮ መመዘን የሚፈልግ ካለ ከጥያቄው በኋላ ወደዚህ ይምጣ። እሺ፣ ከኋላ እጅ ያነሣኸው፣ ቀጥል።