ስለ ልጆቻችን የሚናገረውን ሰው ብቻውን አንተወው

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ በኋላ እኛ የሳሃፋ ቤተሰቦች ተበታትነናል። በመተማ አገራቸው የገቡ፣ ወደ ግብፅ ያቀኑ፣ ባሕር የተሻገሩም አሉ። ለዚህ ቀን ያበቃን ፈጣሪ ይመስገን።

እኛ የሱቅ ሰዎች ንግግር አዋቂዎች አይደለንም። ሆኖም ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ብዙ ይሰማልና ስለ አንድ ጉዳይ ጥቂት እንድንል ይፈቀድልን። ጉዳዩ ልጅ ተበድሏል ብለው ሲጠረጥሩ እንዲያሳውቁ ሕግ የሚያስገድዳቸውን መምህራን፣ ነርሶችና ሐኪሞች የሚመለከት ነው።

ሳሃፋ እንዴት እንደኖርን ታውቃላችሁ። በአንድ ሆሽ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ ተከራይቶ፣ እናት ሰው ቤት ለመሥራት ወይም ሻይ ለመሸጥ በማለዳ ስትወጣ ልጅ ለጎረቤት አደራ ይሰጥ ነበር። አብዛኛው ጎረቤት አደራውን ጠብቋል፤ ፈጣሪ ይስጠው። አደራ የበላም አልጠፋም። እንዲህ ያለው ነገር ሲሰማ መጀመሪያ «ገመናችንን አንግለጥ» ይባላል። ቀጥሎ «ፖሊስ ከመጣ ከሻ ይሆንና ኢቃማ የሌለው ሁሉ ይወሰዳል» የሚል ፍርሃት ይመጣል። በመጨረሻ ሽማግሌ ይቀመጥና ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ። ልጁን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም።

ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ለዕዳ፣ ለባልና ሚስት ጠብ፣ ለድንበር ክርክር ይበጃል። ልጅ ግን ሽማግሌ ፊት ቆሞ አቤት ማለት አይችልም። ይቅርታውንም የሰጡት ሌሎች እንጂ እሱ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የዓለም የሕጻናት መብቶች ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ሱዳን በ1990፣ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብለውታል። አንቀጽ 19 ልጅን ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታን ሲያስቀምጥ ጥቆማንና ምርመራን አብሮ ይጠቅሳል። ሱዳን በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሕጻናት ሕግ ልጅ ማለት 18 ዓመት ያልሞላው ነው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443፣ ለሕዝብ ደኅንነትና ሥርዓት ሲባል በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት ዝም ቢል እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ባሕር ማዶ ጉዳዩ ይበልጥ የጠበቀ ነው። በአሜሪካ ዶክተር ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለተደበደቡ ሕጻናት ጥናት ካወጡ በኋላ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የማሳወቅ ግዴታ ሕግ አወጡ። እዚያ የሚማሩ ልጆቻችን መምህር በቂ ጥርጣሬ ካደረበት ማስረጃ እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ ማሳወቅ አለበት። ማጣራቱ የእሱ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ማሳወቅ መፍረድ አይደለም። «ይህን ልጅ እዩልኝ» ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ያደረገች መምህርት ከመካከላችን ከሆነች ምን ይገጥማታል? «ቤት አፍራሽ» ትባላለች። ቡና አትጠራም። ከዕቁቡ ቀስ ተብላ ትወጣለች። ይህን ያየች ሌላ መምህርት በሚቀጥለው ዓመት የልጅ ጀርባ ላይ ሰንበር ብታይ ፊቷን ታዞራለች። ሕጉ በወረቀት ላይ ቢኖርም በእኛ ኩርፊያ ይሞታል።

«ንጹሕ ሰው ቢጠረጠርስ?» የምትሉ አላችሁ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ የአባት ስም በከንቱ መጥፋት የለበትም። መድኃኒቱ ግን መምህርቷን ዝም ማሰኘት ሳይሆን ወሬን ማቆም ነው። ነገሩ ለሚመለከተው ክፍል ብቻ ይነገር፤ በየሱቁና በየቡናው አይዙር። ያን ጊዜ የተጠረጠረውም፣ ያሳወቀውም፣ ልጁም ይጠበቃሉ።

ከዚህ በዓል በኋላ ማኅበራችን አራት ነገር ቢይዝ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ «ማን ተናገረ?» ብለን አንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በልጅ ላይ የደረሰ በደል ወደ ሽምግልና አይምጣ፤ ሽማግሌዎቻችንም «ይህ የእኛ አይደለም» ይበሉ። ሦስተኛ፣ ያሳወቀ ሰው ቃሉን ለመስጠት ሲጠራ ቋንቋ የሚያውቅ አንድ አባል አብሮት ይሂድ፤ የመጓጓዣውንም ማኅበሩ ይቻል። አራተኛ፣ ያሳወቀውን ሰው ሰላምታ አንንፈገው። ሱቅ ያለን ደግሞ እንደ ወትሮው እናስተናግደው፤ ዱቤውንም አንከልክለው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጆቻችን ዛሬ በልዩ ልዩ አገር፣ በማናውቃቸው መምህራንና ሐኪሞች እጅ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ስለ ልጆቻችን ሲናገሩ ጠላት አድርገን አንያቸው።

ፈጣሪ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለተበታተነውም ወገናችን ሰላሙን ያውርድልን።