ግነት፣ ሽሙጥና ውሸት



«ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ» ያለችንን ጎረቤት ውሸታም አንላትም። ቁጠባዋን ላልከፈለች አባል «አንቺማ ሚሊየነር ነሽ» ስንላትም ሽሙጡ ይገባታል። ከፖለቲከኛ አፍ ሲወጣ ግን መለየቱ ይከብደናል።

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እስከ አንድ ሰውና እስከ አንድ ጥይት እንደሚዋጉ ተናገሩ። ጥይት የሚቆጥር የለምና ግነት ነው እንበል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ግን ጦሩ ግንባር ላይ እያለ እሳቸው አገር ጥለው ወጡ፤ ዚምባብዌ ገቡ።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ቃሉን አምኖ የከፈለው ማን ነው ብለን እንጠይቃለን። (በአፈሳ የተወሰዱትንማ ማን ጠየቃቸው!) ሰሚውን ካስከፈለና ተናጋሪው ራሱ ካላመነበት፣ ግነት ብለን ማለፍ ያቅተናል።

ይህን ስንወያይ፣ ያኔ ልጃቸውን የሸኙ አንዲት እናታችን «እኔ የከፈልኩትን በየትኛው መዝገብ ልትጽፉት ነው?» አሉን።