የዝግ ምክርና የሕዝብ ደኅንነት



መንግሥት በዝግ መምከሩ፣ ጋዜጣም የተመከረውን ለማወቅ መሻቱ ዘወትር የሚያከራክር ጉዳይ ነው። የምሕንድስና ሙያም ከዚህ ክርክር ውጭ እንዳልሆነ በአሜሪካ የደረሰው የቻሌንጀር አደጋ ያስረዳል።

የጠፈር መንኰራኵር ቻሌንጀር ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተሰባብራ 7 ሰዎች አለቁ። የሮኬቷ መገጣጠሚያ የላስቲክ ማሸጊያ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድሞ በ1977 ዓ.ም. በጠፈር መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ማስታወሻ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ ግን ከመዝገብ ቤት አልወጣም።

የካቲት 2 ቀን 1978 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስ ይህንኑ አተመ። በማግሥቱ በዊሊያም ሮጀርስ የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን በዝግ ተሰበሰበ። በዚያም መሐንዲሱ አለን ማክዶናልድ፣ የሮኬት ሠሪው ኩባንያ መሐንዲሶች ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በታች በሆነ ብርድ እንዳትነሣ በዋዜማው መክረው እንደ ነበርና ምክራቸውም በአለቆቻቸው እንደ ተሻረ ገለጠ። ቃሉ በአደባባይ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፤ ሹማምንት ሐሳባቸውን ሳይፈሩ እንዲሰነዝሩ በሩ ለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ሐሳብና ልኬት ግን አንድ አይደሉም። የሰውን ሕይወት የሚያሰጋ የልኬት ውጤት የማንም ቢሮ ምሥጢር ሊሆን አይገባውም።

ጋዜጣው ያወጣው አስቀድሞ የተጻፈውን ነበር። ስለዚህ መሐንዲስ ሥጋቱን በቃል ብቻ ተናግሮ ማለፍ የለበትም፤ በግልጽ ጽፎ፣ በስሙ ፈርሞ ያኑረው። ያልተጻፈውን ሥጋት የትኛውም ነጻ ጋዜጣ ሊያትመው አይችልም።