ፍትሕና ቅልጥፍና በማኅበር ምክር
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የምንናገረው፥ ብዙ ሰዎች ባንድነት ሲመክሩ ፍትሕንና ቅልጥፍናን እንዴት አስማምተው ሊይዙ እንደሚችሉ ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን ይዞ ከመነሣቱ በፊት በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ መስማማት አለበት፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። 30 አባሎች ያሉት የተማሪዎች ማኅበር ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ አለው እንበል። 10ሩ አባሎች መጻሕፍትን ያስቀድማሉ፥ የላቦራቶሪ ዕቃን ያስከትላሉ፥ የኳስ ሜዳን መጨረሻ ያደርጋሉ። ሌሎቹ 10 ላቦራቶሪን፥ ቀጥሎ ኳስን፥ ከዚያም መጻሕፍትን ይመርጣሉ። የቀሩት 10 ደግሞ ኳስን፥ ቀጥሎ መጻሕፍትን፥ በመጨረሻ ላቦራቶሪን ይላሉ። ድምፅ ሲሰጥ መጻሕፍት ላቦራቶሪን 20 ለ10 ያሸንፋሉ፤ ላቦራቶሪ ኳስን 20 ለ10 ያሸንፋል፤ ኳስም መጻሕፍትን እንዲሁ 20 ለ10 ያሸንፋል። ነገሩ ዞሮ ከተነሣበት ይገባል። ሁለቱ አስቀድመው ተወዳድረው አሸናፊው ከሦስተኛው ጋራ ቢገጥም፥ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው በመጨረሻ የገባው ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው አንድም ድምፅ ሳይሰርቅ፥ ተራውን በማሰናዳት ብቻ የወደደውን ሊያስመርጥ ይችላል ማለት ነው።

ይህን እንቆቅልሽ ፈረንሳዊው ሊቅ ኮንዶርሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። የአገሩ ሰው ቦርዳ ለየደረጃው ነጥብ ሰጥቶ መደመርን መክሮ ነበር፤ በኛ ምሳሌ ግን ሦስቱም እኩል ነጥብ ያገኛሉ። አሜሪካዊው ኬኔዝ አሮው በ1951 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ አማራጮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የአባሎችን ምርጫ በደረጃ የሚያሰልፍ ማናቸውም ደንብ ሚዛናዊ የሚባሉትን ጥቂት ግዴታዎች ሁሉ ባንድነት ሊፈጽም አይችልም።

እንግዲያስ ተስፋ እንቁረጥን? አይገባም። ፍጹም ደንብ ባይገኝም የተሻለና የከፋ ደንብ አለ። አንድ ዕቅድ ለሦስት ክፍሎች 9፥ 9 እና 0 ጥቅም ቢሰጥ ድምሩ 18 ነው፤ ሌላው 6፥ 6 እና 5 ቢሰጥ ድምሩ 17 ነው። ድምሩን ብቻ የሚያይ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ዳሩ ግን ዜሮ የደረሰው ክፍል ነገ መዋጮውን ይከፍላልን? ወደ ስብሰባውስ ይመጣልን? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ፍትሕን ትቶ የፈጠነ ማኅበር ያተረፈውን ጊዜ በጠብ ይጨርሰዋል።

የአገራችን ዕቁብ በዚህ ረገድ ጥሩ አስተማሪ ነው። ገንዘቡን ማን አስቀድሞ ይውሰድ ተብሎ ክርክር ቢነሣ ሳይወሰን ይመሽ ነበር፤ ስለዚህ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ ፈጣን ነው፥ ለማንም አያዳላም። ነገር ግን የታመመውን ከጤነኛው አይለይም፤ ስለዚህ ባለ ዕጣው በፈቃዱ ተራውን ለቸገረው አባል የሚለቅበት ልማድ አለ። ፍጥነቱ ከዕጣው፥ ርኅራኄው ከስምምነቱ ይገኛል።

ከዚህ ተነሥተን ለየማኅበሮቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ መመዘኛዎቹ፥ ማለት ዋጋው፥ የተጠቃሚው ብዛትና የዕቃው ዕድሜ፥ የእያንዳንዳቸውም ክብደት አማራጮቹ ሳይቀርቡ ይወሰን፤ ዕቃው ከቀረበ በኋላ ሚዛኑን የሚነካካ ነጋዴ አይታመንምና። ሁለተኛ፥ የማንም ድርሻ ከዚህ በታች አይውረድ የሚባል ወሰን ይደረግ። ሦስተኛ፥ ክርክሩ የሚያበቃበት ሰዓትና እኩል ሲመጣ የሚደረገው አስቀድሞ ይታወቅ።

እንዲህ ከሆነ የተሸነፈው ወገን እንኳ በምን እንደ ተሸነፈ ያውቃል፤ ነገም ለመምከር ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ በክፍላችን የምንለምደውን ነገ በእድሩና በመሥሪያ ቤቱ እንሠራበታለን።